መብራት በሄደበት የኅዳር ሌሊት ጫጩት እንዴት ታድራለች?

ሱሉልታ አካባቢ ባለችው ግቢያችን መጀመሪያ ያስገባናቸው የአንድ ቀን ጫጩቶች 100 ነበሩ። ወሩ ኅዳር ነው። በአራተኛው ሌሊት፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ መብራት ሄደ፤ ሁላችንም ተኝተናል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የክፍሉን በር ስከፍት የወትሮው ጫጫታ የለም፤ አንድ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጭርጭርታ ብቻ ይሰማል። ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ከላይ ያሉትን እያነሳሁ ወደ ታች ስወርድ የታችኞቹ ጠፍጣፋ ሆነዋል፤ ላባቸው ረጥቧል፤ አንዳንዶቹ ሞተውም ገና ሙቀት አልለቀቃቸውም። 37 ቆጠርኩ።

«ብርድ ፈጃቸው» ተባባልን። ጎረቤቶችም እንደዚያው አሉ። ቆይቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ፦ የሞቱት ከታች፣ ከሁሉም ይልቅ ሙቀት ያለበት ቦታ ላይ የነበሩት ናቸው። በሕይወት የተረፉት ደግሞ ከላይ ሆነው ብርዱን የተቀበሉት። ብርዱ ገፍቶ አከማቻቸው እንጂ የገደላቸው መታፈን ነው። ይህን ካላወቁ በሚቀጥለው ጊዜ ገንዘብን ሌላ አምፖል፣ ሌላ ባትሪ፣ ሌላ ጄነሬተር ላይ ማፍሰስ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ጫጩት አሳድገናል፤ መብራቱም መሄዱን አልተወም፤ እንደዚያ ያለ ጠዋት ግን አልደገመንም። ለዚህ ያበቃን ነገር ከካርቶንና ከጀሪካን የዘለለ አይደለም። ለምን እንደሚሠራ ግን ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል፤ ምክንያቱ ከገባችሁ እጃችሁ ላይ ባለው ዕቃ የራሳችሁን መላ ትፈጥራላችሁ።

ጫጩት ስትፈለፈል ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ነው። ዶሮ ስታድግ ሰውነቷን 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ራሷ ጠብቃ ትኖራለች፤ ውጭው ቢሞቅም ቢበርድም። ጫጩት ግን ያን መቆጣጠሪያ ይዛ አትወለድም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዐሥራ አምስት ቀናት በሙቀት ጉዳይ ከዶሮ ይልቅ ለእባብ ትቀርባለች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እባብ ጠዋት ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚጠብቀው ሙቀቱን ከውጭ ስለሚያገኝ ነው፤ ጫጩትም ያን ሰሞን እንደዚያው ናት። ልዩነቱ እባብ ሲበርደው ደንዝዞ ይቆያል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነቃል። ጫጩት ስትደነዝዝ ብዙ ጊዜ አትመለስም።

ትንሽነቷም ይጎዳታል። ድንች ቀቅላችሁ ከድስቱ ስታወጡ ትንንሾቹ ቶሎ ለእጅ ይበቃሉ፤ ትልቁ ውስጡ እሳት እንደሆነ ይቆያል። አካል ባነሰ ቁጥር ከውስጡ ጋር ሲነጻጸር ቆዳው ይበዛል፤ ሙቀት የሚሾልከው ደግሞ በቆዳ በኩል ነው። ጫጩቷ የለበሰችው ለስላሳ ጸጉርም ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው የሚያገለግላት። ከረጠበ እርጥብ ጋቢ ለብሶ ማደር ማለት ነው። ትክክለኛው ላባ ወጥቶ የሚሸፍናት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ገበያው «የ45 ቀን» ጫጩት ለምን እንደሚወድ አሁን ይገባችኋል፤ ያ ልዩነት ዋጋ የሚከፈልበት የሙቀት ጊዜውን ሌላ ሰው ስላሳለፈው ነው። የአንድ ቀኑን የምትገዙ ከሆነ ያን ሥራ በራሳችሁ ላይ ወስዳችኋል።

ልኩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሱ 20 ወይም 21 ላይ እስኪደርስ። «በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ» የሚለውን አስምሩበት። ግድግዳ ላይ ዐይናችሁ ትክክል የተሰቀለ ቴርሞሜትር የእናንተን አየር ነው የሚለካው፤ ሲሚንቶው ላይ ያለው አየር ሌላ አገር ነው።

አሁን ወደ እኛ ሌሊት እንምጣ። አዲስ አበባን ሰው «አየሯ ተስማሚ» ይላታል፤ እውነት ነው፣ ለሰው። ከተማዋ ራሷ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦን ተሻግረው ወደ ሱሉልታ፣ ወይም በለገጣፎ አድርገው ወደ ሰንዳፋ ሲሄዱ ከፍታው እየጨመረ ነው። ክረምት ላይ ቀኑ ቢቀዘቅዝም ሰማዩን የሸፈነው ደመና እንደ ብርድ ልብስ የመሬቱን ሙቀት ይይዝልናል። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ያ ብርድ ልብስ ይገፈፋል። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት መሬት የያዘችውን ሁሉ ወደ ሰማይ ትለቃለች። ለዚህ ነው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከሐምሌው የሚብሰው፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ስለሚወርድ ረባዳ ሜዳ ላይ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ የሚገኘው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ያለው ሰዓት ከሁሉም የከፋ ነው።

የእኛ ጣጣ ደግሞ ጫጩት የሚገባው በዚሁ ወር መሆኑ ነው። የሥጋ ዶሮ በ45 ቀን ይደርሳል። ከገና፣ ከታኅሣሥ 29፣ ወደ ኋላ 45 ቀን ቁጠሩ፦ ኅዳር 14 ላይ ትደርሳላችሁ። ለበዓል ገበያ ያሰበ ሰው ሁሉ ጫጩቱን የሚያስገባው ውርጩ በሚጀምርበት ሰሞን ነው።

ስለ መብራቱ መሄድ ብዙ አልልም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ «ታዲያ ለምን ይጠፋል?» የሚለኝ ጎረቤት አላጣሁም። በእኛ ሠፈር የሚጠፋው ዓባይ ጎድሎ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ተደግፎ፣ የበሰበሰ ምሰሶ አጋድሎ፣ ወይም የበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ኤሌክትሪክ ምጣዱን ባንዴ ጥዶ ትራንስፎርመሩ አልችል ብሎ ነው። ኃይል የትም ይመንጭ፣ የመጨረሻዋ ሽቦ ከተበጠሰች ለጫጩቷ ያው ጨለማ ነው።

ስለ አምፖል ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የድሮው፣ ውስጡ ሽቦ ያለው አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛውን እና ከዚያ በላይ የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነው፤ ብርሃኑ ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። ለመብራት አባካኝ የሆነው ለጫጩት ጥሩ የሆነው በዚሁ ነው። አሁን ሱቅ የሞላው ኢኮኖሚ አምፖልና ኤልኢዲ ግን «ባለ 100 ዋት ብርሃን» ተብሎ ቢጻፍበትም የሚበላው ከአሥር እስከ ሃያ አምስት ዋት ገደማ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 100 አይቶ ገዝቶ፣ አንጠልጥሎ፣ «መብራት እያላቸው ሞቱብኝ» ያለኝ ሰው አለ። ክፍሉ ቦግ ብሏል፤ ጫጩቶቹ በርዷቸዋል። ለጫጩት ተብሎ የሚሸጠው ቀዩ የሙቀት አምፖል ብዙ ጊዜ 250 ዋት ነው።

ያን 250 ዋት በባትሪ ለመተካት የምታስቡ ካላችሁ እስቲ አብረን እናስላ። ባለ 12 ቮልት፣ 60 አምፔር-ሰዓት የመኪና ባትሪ ሙሉ ቢሆን የያዘው 720 ዋት-ሰዓት ነው፤ ሳይጎዳ የሚሰጣችሁ ግማሹን ነው፣ 360። ለ250 ዋት አምፖል ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። መብራቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሄዶ ንጋት ላይ ቢመጣስ? ሙቀት ለባትሪ ከባድ ሸክም ነው። የሶላር ፋኖሱን ለብርሃን ተጠቀሙበት፤ ጫጩት ድንገት ጨለማ ሲሆንባት ደንግጣ ስለምትራኮት ትንሽ ብርሃን መኖሩ ራሱ መከመርን ይቀንሳል። ጄነሬተር ያለው ያስነሳው፤ ከቤት ውጭ ይሁን እንጂ።

እንግዲህ ሙቀት መጨመር ካልተቻለ ምን ይቀራል? ያለውን አለማባከን።

ወደዚህ ሐሳብ ያመጡኝ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ እናት ናቸው። 37ቱን ጉድጓድ ቆፍሬ ስቀብር አጥር ላይ ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እነዚህ ከዚህ በፊት በምን መጡ?» አሉኝ።

«በመኪና ነዋ፣ እማማ። በካርቶን።»

«መኪናው ላይ አምፖል ነበር?»

አልነበረም። ከማስፈልፈያው ወጥተው፣ ግማሽ ቀን በፒክአፕ ተጉዘው፣ አንድም ሳይሞት ነው የደረሱት። ካርቶኑ ገና ግቢው ጥግ ላይ ወድቆ ነበርና አነሣሁት። ካስተዋላችሁት ያ ካርቶን ትልቅ ዕውቀት ያለበት ዕቃ ነው። ለ100 ጫጩት የተሠራ ነው፤ ውስጡ ግን ለአራት ተከፍሏል፣ በየክፍሉ 25። ለምን? 25 ጫጩት እርስ በርሱ ለመሟሟቅ ይበቃል፤ ተከምሮ ለመተፋፈን ግን ያንሳል። ጎንና ጎኑ፣ ክዳኑም ቀዳዳ አለው፦ ትንፋሽ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ቶሎ አያመልጥም። እኔ የገነባሁት ክፍል አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው። አምፖሉ ሲጠፋ መቶዋ ጫጩት የምታመነጨው ትንሽ ሙቀት ያን ሁሉ አየር፣ ያን ሁሉ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ልታሞቅ ነው የታገለችው።

ስለዚህ የመጡበትን ካርቶን አትጣሉት። መብራት የሄደ ዕለት፣ ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ፣ ጫጩቶቹን መልሳችሁ እዚያው ክተቷቸው። ከሥር ሁለት ጣት የሚያህል ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ አንጥፉ። ጋዜጣ ብቻውን ግን አይሆንም፤ እግራቸው ይንሸራተትና ተከፍቶ ይቀራል። ካርቶኑን ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡት፤ ጣውላ ላይ፣ ወይም የታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ይቀመጥ። ከላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፤ የጎኑ ቀዳዳዎች ግን ክፍት ይሁኑ። ቀናቸው ሲገፋ ቁጥሩን ቀንሱ፤ ሰባት ቀን የሞላቸው በአንድ ክፍል 12 ወይም 13 ይበቃሉ። ይህ የሰዓታት መጠለያ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ዘግታችሁ የምታኖሩበት አይደለም። ለአንድ ሌሊት ምግብ ባያገኙስ ብላችሁ አትጨነቁ፦ አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ከዕንቁላሉ የቀረ አስኳል ሆዷ ውስጥ ይዛ ነው የምትወጣው፤ እስከ 72 ሰዓት ያቆያታል። ማስፈልፈያዎች በሩቅ አገር የሚልኩትም ይህን ተማምነው ነው።

ካርቶኑ ብቻውን የሚበቃበት ሌሊት አለ፤ የታኅሣሡ ግን ይፈትነዋል። እዚህ ላይ ጀሪካን ይገባል።

ውኃ ሙቀት በመያዝ ከእጃችን ካሉት ነገሮች ሁሉ ይበልጣል። 20 ሊትር ውኃ ከ70 ዲግሪ ወደ 35 እስኪወርድ የሚለቀው ሙቀት ባለ 100 ዋት አምፖል ስምንት ሰዓት ነድዶ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን ማለት ነው! ባለ 5 ሊትሩ የሁለት ሰዓቱን ያህል ይሰጣል። እርግጥ በእኩል አይለቅም፤ መጀመሪያ ይቸኩላል፣ ኋላ ይሰስታል። ለዚህ ነው በማዳበሪያ ወይም በአሮጌ ሹራብ የሚጠቀለለው፤ መጠቅለያው ሙቀቱን ያዘገየዋል፣ ጫጩቷም ቢነካት አያቃጥላትም።

70 ዲግሪን ያለ ቴርሞሜትር እንዴት እናገኘዋለን? በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ሦስት እጅ የፈላ ውኃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውኃ ጋር ስትቀላቅሉ ወደ 70 ይጠጋል። የፈላውን እንዳለ አትገልብጡት፤ ሃይላንድ ጠርሙስ ከሆነ ዐይናችሁ እያየ ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ያፈሳል። ከብርድ ይልቅ የከፋው ደግሞ እርጥብ ጫጩት ነው። ክዳኑን አጥብቁና ዘቅዝቃችሁ ፈትሹት። ጀሪካኑን ካርቶኖቹ መሃል አቁሙት፤ ካርቶኖቹ ዙሪያውን ይጠጉት፤ ሁሉንም በአንድ ብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ ከታች አየር የሚገባበት ይቅር። እኛ ቤት ኅዳር ሲገባ ማታ ማታ ሁለት ፔርሙዝ የፈላ ውኃ ተሞልቶ ይቀመጣል። መብራቱ ካልሄደ ጠዋት ሻይ ይሆናል።

ክፍሉን በተመለከተ ቶሎ ልለፍ። ንፋስ የሚገባው በጫጩቶቹ ቁመት፣ ከበሩ ሥር ነው፤ እዚያ ጨርቅ ወትፉ። አየር መውጫው ከላይ ይቅር። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ያለቅሳል፦ የትንፋሹ እርጥበት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውኃ ይሆንና ጠብ ጠብ ይላል። ማዳበሪያ ሰፍታችሁ ከሥሩ ዘርጉ። የክፍሉን ጥጎችም በካርቶን ክብ አድርጓቸው፤ ክብ ቦታ ላይ መከመሪያ ጥግ የለም። የእኔ 37 ጫጩቶች ያለቁት ጥግ ላይ ነበር።

አሁን ስለ ከሰል። ስለ ሌላው ብትዘነጉ ይህን እንዳትዘነጉ።

መብራት ሲሄድ የብዙዎቻችን እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ከሰል ምድጃ ነው። «ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ፣ ቀይ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው» ይባላል፤ እናቶቻችንም ያስተማሩን ይህን ነው። ችግሩ የሚገድለው ጭሱ አለመሆኑ ነው። ጭሱ ዐይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ሰው ሸሽቶ ይወጣል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል፤ የሚያምረው ቀይ ፍም ደግሞ ዋናው አምራቹ ነው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይይዘዋል። አንዴ ከተቀመጠ ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል። ሰውዬው የሚሰማው ራስ ምታትና እንቅልፍ ነው፤ «ሞቆኝ ነው» ብሎ ጋደም ይላል። በየዓመቱ በብርዱ ሰሞን በከሰል ታፍኖ ያለቀ ቤተሰብ ወሬ የምንሰማው በዚህ ነው።

ወፎች ደግሞ ከእኛ ይብሳሉ። ትንፋሻቸው ፈጣን ነው፣ አየሩን የሚስቡበት መንገድ ከእኛ ሳንባ የበለጠ የተሳካ ነው፤ መርዙንም እንደዚያው በፍጥነት ይስቡታል። የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በጎጆ ይዘው ወደ ጉድጓድ የሚወርዱት ስለዚህ ነበር፦ ወፏ ስትወድቅ ሰዎቹ ይሮጣሉ። ልማዱ የቀረው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ደግሞ ካናሪዋን ጉድጓድ ውስጥ ይዘን መውረድ ሳያስፈልገን ጉድጓዱን ወደ ጫጩቶቹ ክፍል እናመጣዋለን። የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በ1911 ዓ.ም. ከነበረው የኅዳር በሽታ ጀምሮ እንደሚደረገው፣ ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያጥን የጫጩቱን ክፍል መስኮት በጭሱ በኩል መዝጋት አይከፋም፤ ግን ከውጭ የሚመጣው ጭስ ከውስጥ ከምታስገቡት ፍም ጋር አይወዳደርም። ከሰሉ ይንደድ፤ ደጅ ይንደድ፤ ሥራው ውኃ ማፍላት ይሁን። ወደ ውስጥ የሚገባው ጀሪካኑ ነው።

ትንሽ ቁጥር ላለው ሰው ከሁሉም የሚሻል መላ እንዳለ ልደብቅ አልፈልግም፦ የታቀፈች የሐበሻ ዶሮ። ታቅፋ የቆየች ዶሮ ደረቷ ሥር ላባው ተመልጦ ቆዳዋ ከጫጩቶቹ ጋር ይገናኛል። ሙቀቷ 41 ዲግሪ ነው፣ ቆጣሪ የላትም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አትጠፋም። ጨለማን ተገን አድርጋችሁ የአንድ ቀን ጫጩቶችን አንድ በአንድ ከሥሯ ብታስገቡላት ብዙ ጊዜ ጠዋት የራሷ ናቸው ብላ ትነሣለች፤ አሥር ዐሥራ ሁለት ትችላለች። ለ100 ግን ስንት ዶሮ? የእሷን ዘዴ በሣጥን ለመቅዳት የተሞከረው የሣር ሣጥን ጅማ ላይ በግብርና ኮሌጁ የተጠና ነው፤ ባለ ሁለት ግድግዳ ሣጥን፣ መሃሉ በደረቅ ሣር የተሞላ፣ ያለ ምንም እሳት ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት የሚያድሩበት። መብራት ያልገባበት ገጠር ታስቦ ነው የተሠራው፤ እኔ እንደማየው ግን መብራት ገብቶ ለሚሄድብን የከተማ ዳር ሰዎችም አብሮን የሚሄድ ነው።

ሌሊቱን እንዴት እንዳለፉ የሚነግራችሁ ራሳቸው ናቸው። ሲበርዳቸው ይጠጋጋሉ፤ ጩኸታቸው ከፍ ያለ፣ ቀጭንና የማያቋርጥ ይሆናል። ሲሞቃቸው ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ይሸሻሉ፤ ያኔ ዝም ይላሉ። በአንድ በኩል ብቻ ከተሰበሰቡ በሌላው በኩል ንፋስ ይገባል ማለት ነው። ደስ ያላቸው ጫጩቶች እንደተበተነ ጤፍ ሁሉም ቦታ ላይ ናቸው፣ ለስለስ ያለ ወሬ ያወራሉ። በጨለማ ደግሞ እግራቸውን ዳስሱ። አንዷን አንሥታችሁ እግሯን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፦ እግሯ ከቀዘቀዘ በርዷታል፤ እጅ አይበቃም፣ እጃችሁ ራሱ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል።

የበረዳትን ስታገኙ አትቸኩሉ። በፍጥነት እሳት ዳር ማድረግ ያደክማታል። ደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብብታችሁ ሥር አድርጓት፤ ስትነቃ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ስኳር ጣል የተደረገበት፣ ምንቃሯን ጫፉን ብቻ ነክራችሁ አስቀምሷት። ደግሞ ብርድ ሂሳቡን ወዲያው አይጠይቅም። የእኔዎቹ 63 ተራፊዎች ውስጥ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ስድስት ሞቱ፤ ኋላቸው በኩስ ተለጥፎ፣ ሆዳቸው አብጦ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገባ ብለን ደነገጥን። የእንስሳት ሐኪሙ አንዷን ከፍቶ አስኳሉ ሳይመጠጥ እንዳለ ሆዷ ውስጥ አሳየኝ፤ የዚያ ሌሊት ብርድ ነው። ስለዚህ ከበረዳቸው በኋላ ለአራት አምስት ቀን ኋላቸውን እዩ፤ የተለጠፈባቸውን ለብ ባለ ውኃ አርሳችሁ አላቁላቸው፣ ሳትጎትቱ፤ ወዲያውም አድርቋቸው።

መብራቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሰው ተኝቷል፤ ይህም የራሱ ጣጣ አለው። አምፖሉ እንደበራ ከተረሳ፣ ካርቶኑ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ፣ ጀሪካኑ ገና ትኩስ እንደሆነ 250 ዋቱ ከላይ ሊመጣበት ነው። ሲሄድ ወዲያው አምፖሉን አጥፉት፤ ሽቦውንም ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ሲመለስ በኃይል ይመጣልና። ሌላ ክፍል ውስጥ አንድ መብራት ክፍት ተዉ፤ እሱ ሲበራ ትነቃላችሁ። ከዚያ በቅደም ተከተል፦ ብርድ ልብሱን አንሡ፣ ጀሪካኑን አውጡ፣ አምፖሉን አብሩና ከሥሩ ያለው ሰጋቱራ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አምፖሉ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ይሁን፤ በራሱ ሽቦ ከሆነ አንድ ቀን ጭዱ ላይ ይወድቃል። ጫጩቶቹን አንድ ክፍል፣ 25፣ ብቻ አስቀድማችሁ አውጡና እዩዋቸው። ተበትነው ምግብ መልቀም ከጀመሩ የቀሩትንም አውጡ።